የማያንጠባጥበው ፍሳሽ፦ የናፍጣ ሞተር ተበትኖ ሲገጠም የነዳጅ መስመር ለምን አየር ይስባል?

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ የጭነት መኪና ድምፅ የማይሰማባት ሰዓት የለም ማለት ይቻላል። ቡና፣ እህል፣ ሲሚንቶና አጠና ጭነው የሚያልፉት መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። ሲበላሹም ከጎዳናው ብዙም ሳይርቁ እዚያው ይጠገናሉ። ከታቦር ተራራ ጋር ስሙን በሚጋራው በታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ ጋራዥ ውስጥ ያየነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የአይሱዙ ሞተር ወርዶ፣ ፋሻና ብሮንዚን ተቀይሮለት፣ ቴስታታው ተስተካክሎ እንደገና ተገጥሟል። ሲቀሰቀስ በደንብ ይነሣል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ከዚያም ይንተፋተፍና ይጠፋል። በእጅ ፓምፑ ጥቂት ሲረገጥለት ይነሣል፤ እንደገናም ይጠፋል። አድሮ ጠዋት ላይ ደግሞ ጨርሶ እምቢ ይላል። ወጣቱ መካኒክ የኢንጀክተር ቧንቧዎቹን ዳዶዎች በሙሉ ረዥም ቧንቧ በመፍቻው ላይ ሰክቶ ሁለት ጊዜ አጥብቋቸዋል። ነጭ ጨርቅ በየመገጣጠሚያው ቢያሳልፍም ጨርቁ ደረቅ ነው። «ፍሳሽ የለም፤ የሞተው ፖምፓው ነው» ሲል ደመደመ። የመርጫ ፓምፕን ማስወረድና ማስፈተሽ ለመኪናው ባለቤት ቀላል ወጪ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከወዲያ ጥግ ሌላ መኪና ሥር ተኝተው የነበሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ፣ ራሳቸውን እንኳ ሳያወጡ፣ «ልጄ፣ የማታየውን ፍሳሽ ፈልግ እንጂ የምታየውንማ ማንም ያገኘዋል» አሉ። እኛም ከተማሪዎቻችን ጋር ቆመን የሰማነው ይህ አባባል በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ለመመርመር ተነሣን።

ሦስት ዓይነት ቧንቧ፣ ሦስት ዓይነት ግፊት

ናፍጣ ከታንኩ ተነሥቶ ሲሊንደር ውስጥ እስኪረጭ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ አንድ ወጥ አይደለም። ከታንኩ እስከ መጋቢው ፓምፕ ያለው ክፍል የመሳቢያው ወገን ነው፤ በዚህ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ከመጋቢው ፓምፕ በፊልትሮው በኩል እስከ መርጫ ፓምፑ (ጋራዥ ፖምፓ የሚለው ነው) ያለው ደግሞ የዝቅተኛ ግፊት ወገን ሲሆን፣ ግፊቱ ከውጭው አየር በመጠኑ ይበልጣል። ከፖምፓው እስከ ኢንጀክተሮቹ የሚዘረጉት ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ እንደነዚህ ባሉት ነባር ሞተሮች ኖዝሉ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ፣ ማለትም የከባቢ አየርን ግፊት 200 ጊዜ ያህል በሚያክል ግፊት ነው። ከኢንጀክተሮቹ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመልሰው መስመርም አለ፤ ግፊቱ ኢምንት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ግፊቱ ከውጭው በሚበልጥበት ወገን ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣ ይወጣል፤ ዓይንም ያየዋል። ግፊቱ ከውጭው በሚያንስበት ወገን ቀዳዳ ቢኖር ግን አየር ይገባል፤ ከውጭ የሚታይ አንዳችም ነገር የለም። ነጩ ጨርቅ ደረቅ ሆኖ መውጣቱ እንግዲህ የመሳቢያውን ወገን ከጥርጣሬ ነፃ አያወጣውም።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሯ ግፊት 82.5 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው የናፍጣ ገጽ ከመጋቢው ፓምፕ በ0.8 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝና የናፍጣን እፍግታ 830 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ብንወስድ፣ ናፍጣውን እዚያ ድረስ ለማንሣት ብቻ 830 × 9.8 × 0.8፣ ማለትም 6.5 ኪሎ ፓስካል ያህል የግፊት ልዩነት ያስፈልጋል። ስለዚህ በፓምፑ አፍ ላይ፣ ናፍጣው ቆሞ ሳለ እንኳ፣ ያለው ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ብቻ ይሆናል። ይህ በአጋጣሚ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ነው፤ በሐዋሳ የቆመ መኪና ቧንቧ ውስጥ የአዲስ አበባ አየር ግፊት አለ ማለት ነው!

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀን ከሌሊት የማያቋርጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሹፌሩ ተኝቶ ሳለ የናፍጣው ዓምድ በዚህ ልዩነት ተንጠልጥሎ ያድራል። በመሳቢያው ወገን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ አየር ቀስ እያለ ይገባል፣ ዓምዱም ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ እምቢ የሚለው ስለዚህ ነው፤ ብርዱ አይደለም፣ ባትሪውም አይደለም።

ናፍጣ የማያልፍበት ቀዳዳ አየር እንዴት ያሳልፋል?

ተማሪዎቻችን ያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር፤ ተገቢም ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ታንኩ ሞልቶ የናፍጣው ገጽ ከቧንቧው ከፍ ቢል እንኳ ከዚያ መገጣጠሚያ ጠብታ ላይታይ ይችላል። ቀዳዳው ናፍጣን ከያዘ አየርን ለምን አይዝም?

መልሱ በዝልግልግነት ላይ ነው። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ ወይም ጋዝ መጠን፣ የግፊቱ ልዩነት እኩል ሲሆን፣ ከዝልግልግነቱ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ዝልግልግነት ከአየር ከ100 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ በአንድ ሰዓት አንዲት ጠብታ የሚያሳልፍ ስንጥቅ በዚያው ሰዓት ከመቶ ጠብታ በላይ የሚሆን አየር ያሳልፋል። ከዚህም ሌላ ናፍጣ የገጽ ውጥረት ስላለው በስንጥቁ አፍ ላይ ጥቂት ተንጠልጥሎ መቅረት ይችላል፤ አቧራ ከደረበበትማ ጨርሶ የተደፈነ ይመስላል። አየር ግን እንዲህ ያለ መያዣ የለውም።

የገባው አየር ወዲያው ሞተሩን አያጠፋም። አረፋዎቹ ከናፍጣው ጋር ተጉዘው በፊልትሮው ራስ ላይ ይጠራቀማሉ። ያ የተጠራቀመ አየር ወርዶ የፊልትሮው መውጫ ላይ ሲደርስ ፖምፓው በአንድ ጊዜ ይውጠዋል። የሦስት ደቂቃው ምሥጢር ይህ ነው፤ ፊልትሮው እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በእጅ ፓምፑ ሲረገጥ አየሩ ተገፍቶ ስለሚወጣ ሞተሩ ሌላ ሦስት ደቂቃ ያገኛል።

አንዲት አረፋ ያን ያህል ከባድ ሞተር ታቆማለች ቢባል የሚጠራጠር አይጠፋም። እንዲህ እናስላው። የኢንጀክተር ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1,900 ሚሊ ሜትር ኩብ ያህል ናፍጣ ይይዛል። ናፍጣ ለመጨመቅ እጅግ አሻፈረኝ ባይ ስለሆነ ግፊቱን ወደ 200 ባር ለማድረስ መጠኑን በ1.3 በመቶ፣ ማለትም በ25 ሚሊ ሜትር ኩብ መቀነስ ይበቃል። ፖምፓው በአንድ ምት 60 ሚሊ ሜትር ኩብ ቢገፋ ኖዝሉን ከፍቶ የሚረጭ በቂ ናፍጣ ይተርፈዋል። አሁን በዚያው ቧንቧ ውስጥ 100 ሚሊ ሜትር ኩብ የምትሆን አረፋ ትግባ፤ በቧንቧው ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ የምትይዝ ናት። የፖምፓው 60 ሚሊ ሜትር ኩብ አረፋዋን ወደ 40 ይጨምቃታል። በቦይል ሕግ መሠረት ግፊቱ ያደገው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የሚያስፈልገው ግን ሁለት መቶ እጥፍ ነበር! ምቱ ሲያበቃም የፖምፓው ማቀበያ ቫልቭ ሲዘጋ ከቧንቧው ጥቂት መልሶ ስለሚስብ አረፋዋ እንደገና ትተነፍሳለች። ሞተሩ ይዞራል፣ ፖምፓው ይገፋል፣ ሲሊንደር ውስጥ ግን ምንም አይረጭም።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ያስፈተሸው የመጀመሪያው የተሳካ ሞተሩ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር መጭመቂያ ከባድ ስለሆነ ለመኪና አይመችም ነበር። ናፍጣን ያለ አየር፣ በፈሳሹ በራሱ ግፊት ብቻ የሚረጨውን ፓምፕ የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው የናፍጣ መኪና የተስፋፋው። የናፍጣ ሞተር በአየር ተረድቶ ተወለደ፤ ዛሬ ግን በነዳጅ መስመሩ ውስጥ ከአየር የሚብስ ጠላት የለውም።

የመዳብ ሮንዴላ ትምህርት

ወደ ጋራዡ እንመለስ። አረጋዊው መካኒክ ከመኪናው ሥር ወጥተው ፍለጋውን በሥርዓት ጀመሩ። አንድ ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ አመጡና መጀመሪያ ከታንኩ መውጫ ላይ ገጠሟት፤ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ አልታየም። ቀጥለው ከመጋቢው ፓምፕ መግቢያ ፊት ለፊት ገጠሟት፤ አሁንም የለም። ሦስተኛ ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ገጠሟት፤ አረፋው እንደ ተቆላ ጤፍ ይንጣጣ ጀመር። እንግዲህ አየሩ የሚገባው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ መካከል ነው ማለት ነው። ይህ መንገድ በቤተ ሙከራ የምናስተምረው «ክልሉን እየከፈሉ ማጥበብ» የሚባለው ዘዴ ራሱ ነው። (አንዳንድ ጥቃቅን አረፋ ማየት ብቻውን ፍሳሽ አለ አያሰኝም። ናፍጣ በውስጡ አየር አሟሙቶ ስለሚይዝ ግፊቱ ሲቀንስ ጥቂቱ ይወጣል፤ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚሆነው ነው። የሚያሳስበው የማያቋርጥ አረፋ ነው።)

የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። የታንኩ መክደኛ በጨርቅና በጎማ ታሽጎ በእግር ፓምፕ በጣም ጥቂት አየር ተገፋበት፤ አሁን በመሳቢያው ወገን ያለው ግፊት ከውጭው በለጠ። የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያው ላይ ተቀባ። ከመጋቢው ፓምፕ መግቢያ ላይ፣ ቀዳዳ ቡሎኑ ከሚያልፍበት ቀለበት ሥር፣ አንዲት ፊኛ ቀስ እያለች አበጠች። እዚህ ላይ ኮምፕሬሰር መጠቀም አይገባም፤ ታንኩ ለዚህ አልተሠራምና ሊፈነዳ ይችላል።

ቡሎኑ ሲፈታ ጥፋተኛው ወጣ። ሞተሩ ሲበተን የወጣችው አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ እንደነበረች ተመልሳ ገብታለች። በቀለበቱ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት እነዚህ ሮንዴላዎች የሚያሽጉት በመለስለሳቸው ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ መዳቡ ተጨፍልቆ በብረቶቹ ገጽ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶች ይሞላል። መዳብ ግን አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ያው መዳብ አይደለም። በብረታ ብረት ክሪስታሎች ውስጥ የአቶሞች ሰልፍ የሚዛነፍባቸው መስመሮች አሉ፤ ብረቱ ቅርጹን የሚለውጠው እነዚህ መስመሮች ሲንሸራተቱ ነው። በተጨፈለቀ ቁጥር መስመሮቹ ይበዛሉ፣ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ መንሸራተትም ያቅታቸዋል። በመሆኑም መዳቡ ይጠነክራል። የጠነከረ ሮንዴላ ጭረት አይሞላም።

አዲስ ሮንዴላ ማግኘት የሁሉም መጀመሪያ ነው። ካልተገኘ ግን አረጋዊው ያደረጉት ትክክል ነው፤ ሮንዴላዋን በፒንሳ ይዘው በእሳት ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ መልክ እስክታወጣ አጋሏት፣ ከዚያም ውኃ ውስጥ ጣሏት። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ በውኃ ከቀዘቀዘች ይብሱን አትጠነክርም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቢላዋና ማረሻ ሲሠራ ካየ ሰው የሚጠበቅ ነው። ካርቦን ያለበት ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ የክሪስታሉ አደረጃጀት ይለወጣል፤ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታሰራል፤ ብረቱም ይጠነክራል። ንጹሕ መዳብ ግን በሙቀት የሚለወጥ እንዲህ ያለ አደረጃጀት የለውም። ሲግል የተጠላለፉት መስመሮች ይፈታሉ፣ አዳዲስ ክሪስታሎች ይበቅላሉ፤ ቀስ ብሎም ይቀዝቅዝ በድንገት፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ውኃው የሚጠቅመው ጥቁሩን የቃጠሎ ቅርፊት ለማራገፍ ነው። ከዚያ በኋላ በመስተዋት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ፊቷን ማሸት ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ግን ለኢንጀክተሩ ሥር ሮንዴላ አይመከርም። የዚያ ውፍረት ኖዝሉ ወደ ሲሊንደሩ የሚዘልቅበትን ልክ ስለሚወስን ሁልጊዜ አዲስና በልኩ የተሠራ መሆን አለበት።

የከፍተኛ ግፊት ቧንቧዎች ዳዶ

ወጣቱ መካኒክ ዳዶዎቹን ሁለት ጊዜ ማጥበቁ ጥቅም አልነበረውም፤ ጉዳት ግን ሊኖረው ይችላል። የኢንጀክተር ቧንቧ ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ ሲሆን የሚቀመጠውም በሾጣጣ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በመካከሉ ጋስኬት የለም፣ ቴፕ የለም፣ ማጣበቂያ የለም፤ ብረት በብረት ላይ ቀጭን ቀለበት በምታህል መስመር ላይ ይነካካል። ያቺ መስመር ጠባብ ስለሆነች መጠነኛ ኃይል እንኳ በእርሷ ላይ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። ለእነዚህ ዳዶዎች የሚሰጠው የማጥበቂያ ልክ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ከሞተሩ መጽሐፍ መታየት አለበት። 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ 25 ኒውተን ሜትር ለማግኘት የሚያስፈልገው 125 ኒውተን፣ ማለትም የ13 ኪሎ ያህል ሸክም ነው። በዚያው እጅ፣ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቧንቧ ሲሳብ 75 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሾጣጣው ይደፈጠጣል፣ የውስጡ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ጥርሱም ይለጠጣል። ከዚያ በኋላ ያ ቧንቧ በልኩ ቢጠብቅም ያንጠባጥባል፤ መካኒኩም የበለጠ ያጠብቀዋል።

ደኅነኛው አካሄድ ስድስቱንም ቧንቧዎች በሁለቱም ጫፍ በጣት ብቻ ማስጀመር ነው። በጣት የማይገባ ዳዶ ቧንቧው ተጣሞ መቀመጡን ይናገራል፤ በመፍቻ ማስገደድ አያስፈልግም። ሁሉም ከገቡ በኋላ በልካቸው ይጠበቃሉ፤ በፖምፓው በኩል ሲጠበቅ ማቀበያ ቫልቩን የያዘው ክፍል አብሮ እንዳይዞር በሁለተኛ መፍቻ መያዝ አለበት። የቧንቧ አፍ እስኪገጠም ድረስ መከደን ግዴታ ነው። በፖምፓው ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ዘንግና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን 70 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የሐዋሳ አካባቢ አፈር ከእሳተ ገሞራ የወጣ ፐሚስ የበዛበት እንደመሆኑ ንፋስ የሚያነሣው አቧራ በአመዛኙ የተፈጨ የተፈጥሮ መስተዋት ነው።

ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲገጠም «ትርፍ» ሆነው ሣጥን ውስጥ የሚቀሩ ነገሮች አሉ፤ ቧንቧዎቹን እርስ በርስ የሚያስሩት ትንንሽ መያዣዎች። ያለ እነርሱም ሞተሩ ይሠራል፤ አይፈስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ቧንቧው ከአንገቱ ይሰነጠቃል። በ2,400 ዙር የሚሽከረከር ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱን ኢንጀክተር በደቂቃ 1,200 ጊዜ ያረጫል። በአሥር ሰዓት ጉዞ 720,000 ግርፋት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ሚሊዮን ማለት ነው። ብረት ይደክማል የሚባለው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ቧንቧው በሁለት ጫፉ ብቻ ሲያዝ የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ ዝቅተኛ ይሆንና ከሞተሩ ንዝረት ጋር ይገጥማል። ከመካከሉ በአንድ መያዣ ሲያዝ ነፃው ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ድግግሞሹ ደግሞ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ከአደጋው ክልልም ይወጣል። ሁለት ቡሎን ያላት ያቺ ቁራጭ ብረት እንግዲህ የፊዚክስ ሥራ አላት።

ላስቲክና ሳሙና

በየመንገዱ የሚደረጉ ጥገናዎች የኬሚስትሪ ትምህርት ናቸው። የሚያፈስ ቱቦ ከመኪና ጎማ ውስጥ በወጣ ላስቲክ ሲጠመጠም ብዙ ጊዜ አይተናል። ያ ላስቲክ በአብዛኛው ቡቲል የሚባለው ነው፤ አየርን በመያዝ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ሞለኪውሎቹ ከሃይድሮካርቦን የተሠሩ እንደመሆናቸው ሃይድሮካርቦን የሆነው ናፍጣ ይሰርጋቸዋል፤ ላስቲኩ ያብጣል፣ ይልማል፣ ይወልቃል። ለናፍጣ የሚሠራው ቱቦ ናይትራይል ከሚባል ላስቲክ ሲሆን በውስጡ ያሉት የናይትሮጅን ቡድኖች ከናፍጣ ጋር አይስማሙም። ከዚህ በተቃራኒ የተሰነጠቀ ታንክን ደረቅ ሳሙና በመለጠፍ የሚደፍኑት ሹፌሮች ሳያውቁት ትክክለኛ ኬሚስትሪ ይሠራሉ፤ ሳሙና በናፍጣ አይሟሟምና እስከ ጋራዥ ያደርሳል። የሚያጠፋው ዝናብ ነው።

በጥርስ ላይ ስለሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ ግን አቋማችን የጠበቀ ነው፤ በነዳጅ መስመር ላይ ቦታ የለውም። በሾጣጣ መገጣጠሚያ ላይ ጥርሱ አያሽግም፣ ስለዚህ ቴፑ የሚፈይደው ነገር የለም፤ የተበጠሰው ቁራጭ ግን ወደ ፖምፓው ይሄዳል።

አደጋው የት ላይ ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ እጅ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከቧንቧ የሚረጭን ናፍጣ በጣት ለመፈለግ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ከጠባብ ቀዳዳ በ200 ባር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ወጊያ ስለሚመስል ብዙዎች ይንቁታል፤ በውስጥ ግን ሥጋው ይሞታል፣ ጣት እስከ መቆረጥም ያደርሳል። እንዲህ የሆነበት ሰው ሕመም ባይሰማውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ኮመን ሬል የሚባሉት የአሁኑ ዘመን ሞተሮች ከ1,600 ባር በላይ ስለሚሠሩ በእነርሱ ላይ ዳዶ አላልቶ መፈተሽ ጨርሶ የተከለከለ ነው። ፍሳሽ የሚፈለገው በረዥም ካርቶን ነው፤ ወይም ሞተሩ ጠፍቶ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ፣ የጠመኔ ዱቄት ተነስንሶ፣ ሞተሩ ጥቂት ከሠራና እንደገና ከጠፋ በኋላ የጠቆረውን ቦታ በማየት ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። ናፍጣ በክብሪት ቶሎ ስለማይያያዝ አይነድም የሚሉ አሉ። በጠብታ መልክ ተረጭቶ ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ ግን ያለ ምንም ብልጭታ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ራሱ ይቀጣጠላል፤ ዳገት የሚወጣ ሞተር የጭስ ማስወጫው ከ400 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

ሦስተኛው በጣም የሚያታልለው ነው። በአንዳንድ ሞተሮች የመመለሻው ቧንቧ በቴስታታው መክደኛ ሥር ያልፋል። እዚያ ያለ ፍሳሽ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። ባለቤቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ሲያይ ዘይቱ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ያገኘዋል፤ ደስም ይለው ይሆናል። የቀጠነ ዘይት ግን ኮሎውን ከብሮንዚኑ ለይቶ መያዝ አይችልም። በብዙ ብር ታድሶ የተገጠመ ሞተር በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚወርደው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ከእድሳት በኋላ በየጠዋቱ ዘይቱን ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል።

ከሐዋሳ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። የናፍጣ ጠብታ 0.027 ሚሊ ሊትር ያህል ናት። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ መኪና በአሥር ሰዓት አንድ ሊትር ያህል ያጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ በውኃ ላይ አንድ ማይክሮ ሜትር ውፍረት ኖሮት ቢዘረጋ 1,000 ሜትር ካሬ ይሸፍናል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጎርፍ ከከተማው ያመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፣ በወንዝ የሚሰድደው ግን የለም። የጋራዥ ወለል ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ መነስነስ ይህን ያህል አስቸጋሪ አይመስለንም።

አየር የማስወጣቱ ቅደም ተከተል

መስመሩ ከታሸገ በኋላ የቀረውን አየር ማስወጣት የግድ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከታንክ ወደ ኢንጀክተር ነው። በመጀመሪያ የፊልትሮው ራስ ቡሎን ተላልቶ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪመጣ በእጅ ፓምፑ ይገፋል፤ ይጠበቃል። ቀጥሎ የፖምፓው ይደረጋል። በመጨረሻ፣ በነባሮቹ ሞተሮች ላይ ብቻ፣ የኢንጀክተሮቹ ዳዶ በግማሽ ዙር ተላልቶ ሞተሩ በሞቶሪኖ ይዞራል፤ ናፍጣው ብቅ ሲል ይጠበቃል። ከኢንጀክተር የጀመረ ሰው ከፊልትሮው የሚመጣውን አየር እንደገና ይቀበላል።

የታቦሩ አይሱዙ በለሰለሰችው ሮንዴላ ተገጥሞ አደረ። በማግስቱ ጠዋት በአንደኛው ተነሣ። ፖምፓው ከቦታው አልተነሣም። ከመጠን በላይ ጠብቀው ከነበሩት ስድስት ቧንቧዎች ግን የአንዱ ሾጣጣ ተደፍጥጦ ስለተገኘ በሌላ ተለውጧል።

አንባብያን እስኪ እንዲህ አስሉ፦ ይኸው መኪና ታንኩ ሊያልቅ ተቃርቦ የናፍጣው ገጽ ከመጋቢው ፓምፕ በ1.1 ሜትር ዝቅ ቢልና የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል በሆነበት በአዲስ አበባ ቢያድር፣ በፓምፑ አፍ ላይ ያለው ግፊት ስንት ይሆናል? ያቺው ስንጥቅ በዚያ ሌሊት የምታስገባው አየር በሐዋሳ ካስገባችው ጋር ሲነጻጸርስ?